ያለ ምክንያት የተዘጋ በር

አሜሪካ ውስጥ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምሮ በአሶሼት ዲግሪ የተመረቀ ፓራሊጋል የክስ ማመልከቻ ያረቃል፣ ማስረጃ ያደራጃል፣ ሕግ ያገላብጣል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ግን በጠበቃ ሥር ሆኖ ነው። ያው ሰው ለብቻው ተቀምጦ አንዲትን እናት «እንዲህ ብለሽ ብታመለክቺ ይሻልሻል» ቢላት ያለ ፈቃድ ጥብቅና ሠራህ ተብሎ ይጠየቃል። ባለጉዳይን ከአላዋቂ ለመጠበቅ ነው ይባላል። ይህን ክርክር አልቀበለውም።

በዋሽንግተን ግዛት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ሲፋቱ የሚሞሉትን የልጆች አስተዳደግ ዕቅድ ፎርም እንይ። ልጁ በትምህርት ወራት ከማን ጋር ያድራል? የገና ዕረፍቱንስ የት ያሳልፋል? ከወላጆቹ አንዱ ቤት ውስጥ ሰው ይደበድብ ከነበረ፣ ከልጁ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ እንዲገደብ የሚጠየቅበት ክፍልም አለ። ይህን ክፍል ሳታውቅ ባዶውን ያለፈች እናት መዘዙ ለዓመታት ይከተላታል። በወንጀል ለተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ያቆማል፤ ለምትፋታ ድሃ ግን አያቆምም። ሲያትል ላሉ፣ እንግሊዝኛው ላልቀናቸው ወገኖቻችን ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። ሰባት ዓመት የተማረ ጠበቃ የሚጠይቀውን መክፈል ያልቻለች ሴት ምርጫዋ በጠበቃና በፓራሊጋል መካከል አይደለም፤ ፓራሊጋል በማግኘትና ማንንም ባለማግኘት መካከል ነው።

የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ገብቶት እ.ኤ.አ. በ2012 ያለ ጠበቃ ባለጉዳይን የሚያማክር፣ ውስን ፈቃድ ያለው የሕግ ቴክኒሻን የሚባል ሙያ ፈቀደ። መስፈርቱ ቢያንስ አሶሼት ዲግሪ፣ ተጨማሪ የሕግ ኮርሶች፣ በጠበቃ ሥር የተሠራ 3,000 ሰዓትና ፈተና ነበር። ይህን ሁሉ ያለፈን ሰው አላዋቂ ማለት ነውር ነው። በ2020 ግን ያው ፍርድ ቤት ወጪው በዛ፣ ፈላጊው አነሰ ብሎ ፕሮግራሙ እንዲዘጋ ወሰነ። የፍርድ ቤቱ ዳኛ ባርባራ ማድሰን ተቃወሙ፤ ልክም ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባለፈቃዱ ችሎት ቀርቦ እንዳይናገር፣ ከተቃራኒ ወገን ጋር እንዳይደራደር ተከልክሎ ነበር። ይህን ያህል አስለፍቶ ግማሽ ሥራ ብቻ ለሚሰጥ ፈቃድ ማን ይሰለፋል? ፈላጊውን ያሳነሰው ደንቡ ራሱ ነው።

አሪዞና ከ2021 ጀምሮ ተመሳሳይ ባለሙያዎችን ችሎት ቀርበው እንዲከራከሩ ፈቅዳለች። ዋሽንግተንም የዘጋችውን ትክፈት፤ ስትከፍትም የችሎቱንና የድርድሩን ክልከላ ሳትመልስ፣ የልምዱን ሰዓት የቀን ሥራ ያለው ተመራቂ በሚችለው ልክ ቀንሳ ይሁን።