የአያቴ ጨሌ እና “የጥቅምት ድንጋይ”

ባለፈው ሰሞን አሰላ አንዲት ጓደኛዬ ቤት ቁጭ ብዬ ዶቃ ስትሰካ አያታለሁ። አብረን ነው የተመረቅነው። ሥራ ፈልጋ ፈልጋ ሲሰለቻት ክርና መርፌ ያዘች፤ አሁን የእጅ አምባርና የአንገት ሐብል ሠርታ በቴሌግራም ትሸጣለች። ዶቃውን ከመርካቶ ታስመጣለች። ከእያንዳንዱ አምባር ጋር ትንሽ ካርድ አለ፦ ሐምራዊው አሜቲስት “ጭንቀት ያርቃል”፣ ኦፓል “የጥቅምት ልጆች ድንጋይ ነው”።

“ይሄን ማን ነገረሽ?” አልኳት።

“ጉግል ነዋ! ካርድ ከሌለው ማንም አይገዛኝም።”

እውነቷን ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው በዚህ ሊስቅ አይገባውም፤ ሰው ለድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ለወሬውም ይከፍላል። ዛሬ ዓለም የተቀበለውን የልደት ወር ድንጋዮች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው የአሜሪካ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ሻጮች ተሰብስበው ለየወሩ ድንጋይ ደለደሉ፣ እኛ ከመቶ ዓመት በኋላ አሰላ ላይ ካርድ እንጽፍበታለን። (በነገራችን ላይ፣ ጳጉሜን የተወለደ ሰው የትኛው ይድረሰው?) ወሬ ዋጋ እንደሚሰቅል ሁሉ ይጥላልም። ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1829 ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ ኦፓል የምታደርገው ሴት መጨረሻዋ ስላላማረ፣ አውሮፓ ውስጥ ድንጋዩ ገደቢስ ተብሎ ገበያው ለዓመታት ቀዘቀዘ ይባላል።

ያ “ገደቢስ” ድንጋይ እኛ አገር የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተገኘ ወዲህ ወጣቱ የገደል ወገብ እየቦረቦረ ያወጣዋል፤ ዋሻው ተንዶባቸው የቀሩም አሉ። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ሲነከር እንደ መስታወት ጠርቶ የቀለሙ ጨዋታ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ለእንዲህ ዓይነት ድንጋይ ተረት መበደር ለምን አስፈለገ? ግን ብዙው ጥሬውን ወጥቶ ሕንድ፣ ጃይፑር ውስጥ ይቆረጣል፣ ይወለወላል። ውኃ የመጠጣት ጠባዩ ደግሞ ለአጭበርባሪም ተመችቷል፤ ቀለም ይነከራል፣ በጭስ ይጠቁራል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ነገር እዚህም ይሠራል፦ ገዢ እውነተኛውን ከተቀባው መለየት ካቃተው ለሁሉም የሚሰጠው የተቀባውን ዋጋ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። የአርሲ ደጋ ስሙ የሚነሳው በገብስ፣ በስንዴና በሯጭ ነው እንጂ በከበረ ድንጋይ አይደለም። ዶቃ ግን ነበረን። የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ግንባራቸው ላይ፣ አንገታቸው ላይ፣ የቆዳ ልብሳቸው ላይ ዶቃና ዛጎል ይደረድሩ ነበር። ጨሌ የምንለው ዶቃ አብዛኛው ብርጭቆ ነው፤ ከቬኒስና ከቦሄሚያ በመርከብ፣ ከዚያ በነጋዴ ጀርባ የመጣ። ዛጎሉም የሕንድ ውቅያኖስ ነው። የዕቃው ምንጭ ሩቅ ቢሆንም ትርጉሙን የሰጡት እዚህ ያሉ ሴቶች ናቸው።

አያቴ፣ እኛ አኮ የምንላቸው፣ ጨሌያቸውን ቅቤ ቅቤ በሚሸት ጨርቅ ጠቅልለው ጣሳ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። አንዳንዴ ፈትተው ያሳዩኛል። “ይሄ ከእናቴ። ይሄ ያገባሁ ለት። ይሄ እናትሽ የተወለደች ለት።” ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ። ስለ አቴቴም ያወሩኛል፤ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው እየዘመሩ ስለሚወጡበት ቀን። ሲንቄ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት በትር ናት። ባል ሚስቱን ከደበደበ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄ ይዘው ይወጣሉ፣ በዳይ ይቅርታ ጠይቆ ካሳ ሳይክስ አይመለሱም። ይሄን የሚያህል ታሪክ እያለን ካርዳችን ላይ “ጭንቀት ያርቃል” ብለን እንጽፋለን።

አኮ ሲያርፉ ጨሌው ለእናቴ ነበር የሚገባው። እናቴ ግን አልፈለገችውም። “ባዕድ አምልኮ ነው” አለች። አሮጌ ዕቃ እየዞረ ለሚገዛ ሰው በ400 ብር ሰጠችው። እኔ ከጣሳው ሥር የቀረ አንድ የተበጠሰ ክር አገኘሁ።

እናቴን አልወቅስም። ጨሌ ከዛርና ከውቃቢ ጋር ስሙ የተነሳ ነገር ነው፤ እምነቷን አክብራ ነው ያደረገችው፤ ማንም ወደማያምንበት ነገር ይመለስ አልልም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የራሳችንን ጨሌ “ጣዖት ነው” ብለን የጣልን ሰዎች፣ ከውጭ የመጣ ድንጋይ “ዕድል ይስባል” ተብሎ ሲሸጥልን ከፍለን እናስራለን። የትኛው ነው ባዕድ?

ለጓደኛዬ ያልኳት ይሄን ነው። ካርዱ ላይ እውነቱን ጻፊ፦ “ብርጭቆ ነው። አይፈውስም። የአርሲ ሴቶች ሲያገቡና ሲወልዱ እንዲህ ያለ ክር ይጨምሩ ነበር።” ኦፓል ከሆነ ደላንታ ብለሽ ጻፊ፣ ውኃ ውስጥ አትንከሩት በይ። እንደ ገብሳችን ማለት ነው። የአርሲ ገብስ አሰላ ብቅል ፋብሪካ ገብቶ ብቅል ሆኖ ነው ወደ ቢራ ፋብሪካ የሚሄደው፤ እሴት መጨመር የሚባለውን ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት ያየሁት እዚያ ነው። ታሪክም ከእጃችን ጥሬውን መውጣት የለበትም።

“ታሪኩን የሚነግሩኝ እናቶችስ ምን ያገኛሉ?” አለችኝ። ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። ከየአምባሩ 50 ብር ለነጋሪዋ እንዲሆን ተስማማን። ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ።

የተበጠሰውን የአኮን ክር እሷ ሰካችልኝ። ለመሸጥ አይደለም። ቤት ሄጄ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እናቴ አየችው፤ የምትቆጣ መስሎኝ ዝም አልኩ። አንስታ በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረችው።

“ቀዩ የት ሄደ?” አለች። “ሦስት ነበሩ።”