በማታ ፎቶግራፍ ላይ ስለሚወድቀው ሐሰተኛ ብርሃን

መስከረም 16 ቀን ማታ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ደመራው ሲለኮስ፥ ሕዝቡም ጧፉን ሲያበራ፥ ዛሬ ፎቶግራፍ ማንሻ ወይም ስልክ በእጁ ያልያዘ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን በማግሥቱ ፎቶግራፉ ሲታይ፥ በጨለማው መካከል ማንም ያላበራው አረንጓዴ ነጥብ ይገኝበታል። አንዳንድ ጊዜም የሚያርፈው በሴት አያት ፊት ላይ ይሆናል። በዓሉ የሚመለሰው ከዓመት በኋላ ነው፤ እርሳቸውም በዕድሜ የገፉ ናቸውና ያ ፎቶግራፍ ዳግመኛ ለመነሣቱ ዋስትና የለም። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ነገሩን አስቀድመው እንዲያውቁት ወደድን።

ሌንስ የሚባለው ብዙ መስታወቶች ተደርድረው የሚሠሩት ነው። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ካረፈው ብርሃን ከመቶ 4 እጅ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. አሌክሳንደር ስማኩላ የተባለው ሊቅ በጀርመን አገር በካርል ዛይስ ፋብሪካ መስታወቱን በስስ ሽፋን የመቀባትን ጥበብ አወጣ፤ ዛሬ በደኅና ሌንስ የሚመለሰው ብርሃን ከመቶ ከ1 እጅ በታች ነው። ይሁን እንጂ በቀን የማይታየው ይህ ጥቂት ብርሃን፥ ማታ በጨለማ ላይ ሲያርፍ ጎልቶ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር፥ ሐሰተኛው ብርሃን የሚወድቅበት ስፍራ የታወቀ መሆኑ ነው። ከእውነተኛው መብራት ተነሥቶ በፎቶግራፉ መካከል በሚያልፍ መሥመር ላይ ይገኛል። ብዙውን ጊዜም ከመካከሉ ወዲያ ማዶ ነው፤ መብራቱ በላይ በቀኝ ቢሆን ነጥቡን በታች በግራ ይፈልጉት። እንግዲህ አንሺው መሥመሩን በዓይኑ ስቦ፥ የሰው ፊት በዚያ እንዳይውል ማድረግ ይችላል። አያትን ከተቀመጡበት ማስነሣት ነውር ነውና ራሱ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይበል። በስልክ ለሚያነሡ ሥራው ይቀላል፤ ነጥቡ አስቀድሞ ስለሚታይ ስልኩን በጥቂቱ ማዘንበል ፊትን ነጻ ያወጣል።

ይህን ነጥብ ተአምር ነው ብለው ለጎረቤት የሚያሳዩም አልጠፉም። ፎቶግራፍ ማንሻው ሲንቀሳቀስ ነጥቡ አብሮ ከሄደ፥ የመስታወት ሥራ መሆኑን ይረዱልን።

በሌንሱ ፊት ለአቧራ መከላከያ የሚጠለቀው ጠፍጣፋ መስታወት ማታ ይውለቅ። ሻጮች ዘወትር አይነሣ ይላሉ፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ገጽ ከፊሉን ሲመልሰው፥ ይህ ጠፍጣፋ መስታወት እንደ መስተዋት መልሶ ያስገባዋልና የመብራቱ ግልባጭ በተቃራኒው ወገን ይታተማል። የጣት ቅባት ደግሞ ፎቶግራፉን ሁሉ ጭጋግ ያለብሰዋል፤ ለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃዋል። ከፎቶግራፉ ውጭ ካለ የመንገድ መብራት የሚመጣውን በእጅ መከለል ይቻላል፤ መብራቱ በፎቶግራፉ ውስጥ ከሆነ ግን ከለላ አይረዳም።

ደመራውን ራሱን ማንሣት የሚፈልግ እሳቱን በመካከል ያድርገው፤ ሐሰተኛው ብርሃን በዚያው በነበልባሉ ላይ ይወድቃልና አይለይም።