የማን እጅ ያልነካው?

ፎቶግራፉን ሳታዩት አትቀሩም። ከአውሮፕላን ላይ የተነሣ ደሴት ነው፤ ዙሪያው ነጭ አሸዋ፣ መሃሉ ጥቅጥቅ ያለ የኮኮናት ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ባሕር። ከሥሩም «የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ስለ ሌሎች ደሴቶች ሙግት የለኝም። በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ስላሉት የቻጎስ ደሴቶች ሲባል ግን ነጭ ውሸት ነው።

ለመሆኑ ኮኮናቱን ማን ተከለው? ከ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዮች በባርነት ያጋዟቸው አፍሪካውያን ናቸው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ፍሬውን እየፈለፈሉ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ሙታናቸውን እየቀበሩ እዚያው ኖሩ። ፎቶግራፍ አንሺው ድንግል ደን አድርጎ የሚያሳየን፣ ሠራተኛው የተባረረበትን የእርሻ ቦታ ነው!

አዎን፣ ተባረሩ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1965 ደሴቶቹን ከሞሪሽየስ ቆርሳ አስቀረች፤ ትልቁን፣ ዲዬጎ ጋርሺያን፣ ለአሜሪካ የጦር ሠፈር ፈቀደች። ከ1968 እስከ 1973 ድረስ ከሺህ የሚበልጠው ነዋሪ በመርከብ ተጭኖ ሞሪሽየስና ሲሼልስ ላይ ተራገፈ። ውሾቻቸውን እንኳ አልማሯቸውም፤ የኮኮናት ማድረቂያ ቤት ውስጥ ዘግተው በመኪና ጭስ ፈጇቸው። ዳርቻው ባዶ የሆነው እንዲህ ነው።

በ2010 ደግሞ እንግሊዝ ባሕሩን ጥብቅ ክልል አድርጋ ዓሣ ማጥመድ ከለከለች። ይህ ክልል የቀድሞዎቹን ነዋሪዎች የመመለስ ጥያቄ እንደሚያከሽፍ አንድ ባለሥልጣኗ በ2009 ለአሜሪካ ኤምባሲ ሲናገር ተመዝግቧል፤ ሰነዱን በኋላ ዊኪሊክስ አወጣው። ክልከላው ዲዬጎ ጋርሺያን አይጨምርም። ወታደሩ መንጠቆውን ይጥላላ! በ2015 ዓለም አቀፍ የግልግል ጉባኤ አዋጁ የባሕር ሕግን የጣሰ ነው ሲል ወሰነ።

ኮራሉ ውብ አይደለም አላልኩም። ይጠበቅ፤ ማን ጠላ? ነገር ግን በ1998 ነጥቶ አብዛኛው የሞተው፣ በ2015 እና በ2016 እንደገና የተመታው ባሕሩ ስለሞቀ ነው። ባሕሩን ያሞቀው ደግሞ በታንኳ የሚያጠምድ ደሴተኛ አይደለም። የባሕር ወፎቹን የሚፈጁት አይጦች በመርከብ እንደገቡ አውቃለሁ፤ መርከቦቹ የማን ነበሩ?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 እንግሊዝና ሞሪሽየስ በደሴቶቹ ርክክብ ላይ ውል ሲፈራረሙ የመመለሱ ጉዳይ እንደገና አነጋጋሪ ሆኗል። ያ ፎቶግራፍም ለክርክር መቅረቡ አይቀርም፤ «ይህን ውበት ለሰው አሳልፈን እንስጥ?» ሊባልበት። እንግዲያው ካሜራ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ ከአውሮፕላኑ ይውረድልን። ቦዳም በተባለችው ደሴት ላይ፣ ከዛፎቹ መሃል፣ የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። መቃብሮችም አሉ። እነሱን ያንሳልን።