ፍሬን አይበጠስም፤ ይግላል

በአገራችን የትራፊክ አደጋ ሲዘገብ አዘውትረን የምንሰማት አንዲት ሐረግ አለች፤ «ፍሬን በጥሶ» ትባላለች። ተሽከርካሪው ፍሬን በጥሶ ገደል ገባ፤ ፍሬን በጥሶ ከፊቱ የነበረውን መኪና ገጨ። የሚበጠስ ነገር ገመድ ነው፤ ገመድ ደግሞ ሳይታሰብ ይበጠሳል። ስለዚህ ሐረጓ አደጋውን የዕድል ጉዳይ አድርጋው ታልፋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅም የሚጠየቅም አይኖርም። በእርግጥ የፍሬን ቱቦ የሚፈነዳበትና ዘይቱ ፈስሶ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በረጅም ቁልቁለት ላይ ምንም ሳይበጠስ፣ ምንም ሳይሰበር፣ የፍሬኑ ዕቃ ሁሉ በየቦታው እንዳለ ፍሬኑ መያዙን ሊተው ይችላል። ምክንያቱ ሙቀት ነው፤ የሙቀቱም መጠን ጉዞው ከመጀመሩ በፊት በወረቀትና በእርሳስ ሊሰላ የሚችል ነው። አስቀድሞ ሊሰላ የሚችልን ነገር ዕድል ብሎ መጥራት ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት፣ ስንፍና ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ወጣቱ አምስተኛውን ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ ከሌላ ሰው እጅ ገዝቷል። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ የቀረበች፣ ባለ ሁለት ሊትር የተርቦ ሞተሯ 147 ኪሎዋት ወይም 200 የፈረስ ጉልበት የሚያመነጭ፣ ቁመናዋ ግን ከተራ የቤት መኪና ብዙም የማይለይ ፈጣን ሀችባክ ናት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ የፍሬኑ ፔዳል እየላላ ሄዶ በመጨረሻ ወለል ነካበት። ደግነቱ በማርሽና በእጅ ፍሬን ተረድቶ ቆመ። «መምህር፣ የፊት ዲስኮቹንም ሸራውንም ከቀየርሁ ሁለት ወር አልሞላኝም፤ ደግሞም መኪናዋ ለፍጥነት የተሠራች ናት፤ ታዲያ ምን ነካት?» አለኝ። ከንግግሩ ይበልጥ የሳበችኝ «ደግሞም» የምትለዋ ቃል ናት። ብዙ ወጣቶች ዳገት ላይ ጉልበታም የሆነች መኪና ቁልቁለት ላይም ጉልበታም እንደምትሆን አድርገው ያስባሉና።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ያህል፣ የመንገዱ ርዝመት ደግሞ 20 ኪሎሜትር ያህል ነው። መኪናዋ ከሦስት ተሳፋሪና ከጓዛቸው ጋር 1,600 ኪሎግራም ትመዝናለች እንበል። መጠነ ቁሱን በስበት ፍጥነት ጭማሪና በከፍታው ስናባዛ 22 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ እምቅ ኢነርጂ እናገኛለን። መኪናዋ ከላይ ስትነሣ ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው፤ ታች ደርሳ ስትቆም ግን አንዱም አብሯት የለም። ብዛቱን በዓይነ ኅሊና ለመሣል ያህል፣ ይህ ኢነርጂ ሦስት ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ አዲስ አበባ ላይ ለማፍላት ይበቃል። በሰዓት 60 ኪሎሜትር ፍጥነት ሲወረድ የጎማው መንከባለልና የአየሩ ግጭት ከዚህ ውስጥ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ጁል ይወስዳሉ። የቀረው 16 ሚሊዮን ጁል ያህል፣ ሾፌሩ በማርሽ ካልያዘው፣ በሙሉ በፍሬኑ ውስጥ ወደ ሙቀትነት መለወጥ አለበት። ሌላ መሄጃ የለውም።

አሁን ይህን መኪናዋ ከተሠራችበት ዓላማ ጋር እናነጻጽረው። ይህችኑ መኪና በሰዓት 100 ኪሎሜትር እየሮጠች ሳለ አንድ ጊዜ ለማቆም የሚያስፈልገው 0.6 ሚሊዮን ጁል ብቻ ነው። የፊት ዲስኮቿ እያንዳንዳቸው 8 ኪሎግራም ያህል ቢመዝኑና የሙቀቱን 70 በመቶ ቢወስዱ፣ አንዱ ማቆም በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያግላቸዋል። ይህ ለእነርሱ ምንም አይደለም። የዓባይ ቁልቁለት ግን ከ25 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ማቆሞች ያለ ዕረፍት ተደራርበው እንደማለት ነው። ዲስኮቹ ሙቀታቸውን ለአየር ባያስረክቡ ኖሮ ከ1,500 ዲግሪ በላይ በጋሉ ነበር፤ የተሠሩበት ብረት ደግሞ 1,200 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። እንዳይቀልጡ የሚያደርጋቸው አየሩ ብቻ ነው። እርሱም በዚያ ከፍታ ከባሕር ጠለል አየር ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ የማቀዝቀዝ ችሎታው ያንሳል።

ከዚህ የምንረዳው ወሳኙ ነገር የኢነርጂው ብዛት ብቻ ሳይሆን የሚለቀቅበት ጊዜ ጭምር መሆኑን ነው። 16 ሚሊዮን ጁል በ20 ደቂቃ ሲከፈል ከ13 ኪሎዋት ይበልጣል፤ ስድስት ወይም ሰባት ትልልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃዎች በጎማዎቹ ውስጥ ተጥደዋል ማለት ነው። ፍጥነቱን ወደ 40 ኪሎሜትር ዝቅ ስናደርገው የአየሩ ግጭት ስለሚቀንስ በፍሬን የሚወሰደው ጠቅላላ ኢነርጂ ጥቂት ይጨምራል፤ ጊዜው ግን ወደ 30 ደቂቃ ስለሚረዝም ሸክሙ ከ10 ኪሎዋት በታች ይወርዳል። በዚህ ፍጥነት በሁለተኛ ማርሽ ስንይዛት የመኪናዋ ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ገደማ ይዞራል። ነዳጅ ያልተሰጠው ባለ ሁለት ሊትር ሞተር በዚህ ዙር በውስጥ ሰበቃና አየር በመሳብ ብቻ 8 ኪሎዋት ያህል ሊውጥ ይችላል። ለፍሬኑ የሚተርፈው እንግዲህ ለከርቭ የሚሆን ጥቂት ነገር ነው። ሞተሩ ሙቀት ለማስወገድ ሲባል ራዲያተርና ጭስ ማውጫ የተሠራለት ዕቃ ስለሆነ፣ ይህን ሸክም ቀኑን ሙሉ ቢሸከም አይከፋውም።

የተማሪዬ «ደግሞም» የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሞተር ቁልቁለት ላይ መኪና የሚይዝበት ችሎታ የሚወሰነው በሲሊንደሮቹ ይዘትና በዙሩ እንጂ በፈረስ ጉልበቱ አይደለም። እግራችንን ከነዳጅ ፔዳል ባነሣን ጊዜ ተርቦው ምንም አይሠራም። ስለዚህ 200 የፈረስ ጉልበት ያላት ጂቲአይ ቁልቁለት ላይ ያላት መያዣ፣ ግማሹ ጉልበት ካላትና ተርቦ ከሌላት ባለ ሁለት ሊትር መኪና አይበልጥም።

ፍሬን በሙቀት የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው፤ እግር ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይችላል። በመጀመሪያው ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ነው፤ መኪናው ግን አይቀንስም። ሸራውን አጣብቆ የያዘው ሙጫ ከልክ በላይ ሲግል እየተበላሸ ጋዝ ያወጣል፤ በሸራውና በዲስኩ መካከል ያለው ሰበቃም ይወድቃል። በሁለተኛው መንገድ ፔዳሉ ራሱ ይልሳል፤ ወለል ድረስም ይወርዳል። ተማሪዬን የገጠመው ይኸኛው ነው። አዲሱ ዲስክና አዲሱ ሸራ ያላዳኑትም ጥፋቱ የእነርሱ ስላልነበረ ነው፤ ጥፋቱ ያለው በፍሬን ዘይቱ ላይ ነው።

«ዘይት» የሚለው ስምም እንደ «በጥሶ» ሁሉ ያሳስታል። በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ያለው የፍሬን ፈሳሽ ዘይት አይደለም፤ ዘይትና ውኃ አይዋሐዱም፣ ይህ ፈሳሽ ግን ውኃን ከአየር እየሳበ ያከማቻል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሊሆን ይገባል፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከያዘ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ፈሳሹ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ በግፊት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ የእግራችን ግፊት ሸራውን በመግፋት ፈንታ እንፋሎቱን በማመቅ ያልቃል። ከሁሉ የሚያስፈራው ጊዜው ነው። ፔዳሉን አጥብቀን በረገጥን ጊዜ በቱቦው ውስጥ ያለው ከፍተኛ ግፊት ፈሳሹ እንዳይፈላ ይከለክለዋል። እግራችንን ስናነሣ ግፊቱ ወደ ከባቢ አየር ግፊት ይወርዳል፤ ይህም በቁልቁለቱ ራስ ላይ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ፈሳሹም ያን ጊዜ ይፈላል። ፍሬኑ እንግዲህ የሚከዳው ስንይዘው ሳይሆን ለቀነው እንደገና ስንፈልገው ነው። «አሁን እኮ ይዞ ነበር» የሚለው የሾፌሮች ምስክርነት ሐሰት አይደለም።

ያገለገለ መኪና ችግር ይህ ፈሳሽ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ማርጀታቸው አይቀርም። በየጋራዡ ፈሳሹ ሲጎድል «ይጨመራል»፤ «ይቀየራል» የሚለውን ግን አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምሰማው። በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመር ውኃውን አያስወጣም። ይህ በእንዲህ እንዳለ ገዢው ገንዘቡን የሚያፈስሰው በሚታየው ነገር ላይ ነው። ካሊፐሩን ቀይ ቀለም ያስቀባል፤ ቀለሙ ሙቀት እንደማያስወግድ መናገር ያስፈልግ ይሆን? ደግሞም ጌጥ የመሰለ ቀዳዳ የበዛበት ዲስክ ያስገባል፤ ቀዳዳው ሙቀት የሚቀበለውን ብረት የሚቀንስ፣ ስንጥቅም የሚጀምርበት ቦታ ነው። የዚህች ጂቲአይ የፊት ዲስክ አዲስ ሲሆን 25 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ 22 ሲደርስ መጣል አለበት፤ መሐሉ ለአየር መተላለፊያ ክፍት በመሆኑም የብረቱ ቅነሳ ቁጥሩ ከሚያሳየው የበረታ ነው። ጥሩ ሸራ መግዛት ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ከፈሳሹ ይጀምራል፤ ፈሳሹን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ደግሞ ከዲስክ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

ሌላው መነቀስ ያለበት ልማድ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ዜሮ አድርጎ መውረድ ነው። በካርቡሬተር ዘመን ለዚህ ልማድ ደካማም ቢሆን ምክንያት ይገኝለት ነበር። ነዳጁ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭበት ሞተር ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሣ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋል፤ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋልና። ማርሹ ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ግድ ይለዋል። ቆጣቢው ሾፌር እንግዲህ ነዳጁንም እያባከነ፣ ሞተሩ ሊሸከምለት የነበረውን ሸክም ሁሉ ፍሬኑ ላይ እየጫነ ነው።

ይህን ሁሉ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሊያሰላው ይችላል፤ ነገር ግን ማን ጠየቀው? ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ የምንሰጠው ጥያቄ «ሰበቃ በሌለበት ዘንበል ያለ ወለል ላይ አንድ ብሎክ ይንሸራተታል» እያለ ይጀምራል። ሰበቃ በሌለበት ወለል ላይ ኢነርጂው በሙሉ ወደ ፍጥነት ይለወጣል፤ ፈተናውም እዚያ ያበቃል። የዓባይ በረሃ፣ ጣርማ በርና ሊማሊሞ ባሉበት አገር ተማሪው «ፍጥነቱ ሳይለወጥ ቢወርድ ኢነርጂው የት ይገባል?» ተብሎ ሳይጠየቅ መመረቁ አሳፋሪ ነው እላለሁ። የመንጃ ፈቃድ ሥልጠናም ቢሆን ቁልቁለት ላይ ከባድ ማርሽ ተጠቀሙ ብሎ ማዘዙ መልካም ነው፤ ምክንያቱ ያልተነገረው ትእዛዝ ግን የመጀመሪያው ነዳጅ ቆጣቢ ጓደኛ ሲመጣ ይረሳል።

ከላይ ከመነሣታችን በፊት ማርሹን መምረጥ እንችላለን፤ ከጋለ በኋላ ምርጫው ይጠባል። ፔዳሉ ከላላ ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ መርገጥ ጥቂት ግፊት ሊመልስ ይችላል። ወዲያውኑ ማርሽ በማርሽ ዝቅ ማለት፣ የእጅ ፍሬኑንም ጎማው ሳይቆልፍ ቀስ በቀስ መሳብ ይገባል፤ በዚህች ጎልፍ የእጅ ፍሬኑ በገመድ የሚሠራ ስለሆነ ከፈላው ፈሳሽ ጋር ጉዳይ የለውም። በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። መኪናው ቆሞም ቢሆን አደጋው ወዲያው አያልፍም፤ የሚያቀዝቅዘው ነፋስ ስለሚቋረጥ የዲስኩ ሙቀት ወደ ካሊፐሩ መሻገሩን ይቀጥላልና፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፔዳሉ ሲነሡ ከነበረው የባሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ረዘም ላለ ጊዜ መጠበቅ ያሻል።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ አንባብያን ይህ አይመለከተንም ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሞተራቸው ቁልቁለት ላይ ጄኔሬተር ሆኖ ኢነርጂውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ከላይ ያሰላነው 16 ሚሊዮን ጁል 4.4 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ነገር ግን የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። ደጀን ላይ ባትሪውን እስከ አፉ ሞልቶ ወደ ድልድዩ የሚወርድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ኪሎሜትሮች የቀረው ያው ዲስኩና ሸራው ነው፤ መኪናውም በባትሪው ምክንያት ከጎልፏ ይከብዳል። ባለ 50 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከሆነ 90 በመቶ ላይ መሙላቱን ቢያቆም ለቁልቁለቱ የሚሆን ቦታ ይተርፈዋል።