ቀለም የማይፈልገው ቤት

አያትዎ ቤት የነበረውን፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን ነጭ የብረት ኩባያ ያስታውሱታል? አንድ ቦታ ተፈንክቶ ጥቁር ነጥብ የወጣበትን? ያ ቅብ ኢናሜል ይባላል፤ ብረት ላይ በእቶን የተጋገረ ብርጭቆ ነው። አሁን ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ኮርኒሱ ሁሉ እንደዚያ ኩባያ የተሠራ ቤት ያስቡ።

ቤቱ ሉስትሮን ይባላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ቤት ሲጠፋ፣ ካርል ስትራንድለንድ የተባለ ትውልደ ስዊድናዊ ከመንግሥት ተበድሮ ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ውስጥ ቀድሞ አውሮፕላን ይሠራበት በነበረ ፋብሪካ ቤት ማምረት ጀመረ። ከ3,000 በላይ ቁርጥራጭ ተጭኖ ይሄድና ቦታው ላይ ይገጣጠማል። እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1950 ድረስ 2,500 ያህል ተሠርተው ኩባንያው በዕዳ ተዘጋ። እንደ እኔ በማርኬቲንግ ሙያ ላለ ሰው ታሪኩ ያስቆጫል፤ ማስታወቂያው ማራኪ፣ ዕቃው ጠንካራ፣ ዋጋው ግን ከታሰበው 7,000 ዶላር ተነስቶ ከ10,000 በላይ ገባ።

ኮለምበስ ዛሬ የእኛም ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት። እህትዎ ቤት ስታፈላልግ ፎቶ ልካ «ይሄ የላሜራ ቤት ይገዛል?» ብትልዎ፣ ቶሎ «ተይው» አይበሏት።

መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ቀለም የተቀባ መሆኑን ትጠይቅ። ብርጭቆ ቀለም አይይዝም፤ ውሎ አድሮ ይላጣል። ሳይቀባ ከቆየ ግን ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙናና ስፖንጅ ይበቃዋል። የብረት ሽቦና ሸካራ ዱቄት ግን አይነካውም፤ አንዴ የተቧጨረ ወዙ አይመለስም።

ምስማር ክልክል ነው። ቅቡ ይሰነጠቅና ብረቱ ከዚያ መዛግ ይጀምራል። የልጆቹን ፎቶ እንደ ፍሪጅ በማግኔት ትለጥፋለች! የተፈነከተ ቦታ ካለ ሳይውል ሳያድር ዝገቱ ተጠርጎ፣ ለፍሪጅና ለምድጃ ጭረት በሚሸጠው ኢፖክሲ ቅብ ይደፈናል። ጣሪያው ላይም ሰው አይውጣ፤ እሱም ያው ኢናሜል ነው።

ብዙ ገዢ የማያየው ግን በላሜራዎቹ መጋጠሚያ ያለውን የፕላስቲክ ማሸጊያ ነው። እድሜው ሲገፋ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ውሃ በዚያ ከገባ የሚጎዳው ከኋላ ያለው የብረት አጽም ነው፤ ግድግዳው ከፊት እያብረቀረቀ ከኋላ ይበላል። ስለዚህ እያንዳንዱን መጋጠሚያ የሚያይ፣ ብረት የሚያውቅ ባለሙያ ይዛ ትሂድ። ለዚህ የምትከፍለው ገንዘብ አይቆጭም።

አመል ደግሞ አለው። ማሞቂያው ሞቃት አየር የሚለቀው ከኮርኒሱ በላይ ስለሆነ ራስ ሲሞቅ እግር ይበርዳል። በብዛት የተሸጠው ሞዴል ሁለት መኝታ ቤት፣ ወደ 95 ካሬ ሜትር ነው። አራት ልጅ ላለው ቤተሰብ አልመክረውም፤ ለሁለት ሰው ግን ሰፊ ነው።

መለዋወጫ የሚያመርት ፋብሪካ የለም። ላሜራው የሚገኘው ከሚፈርሱ ሉስትሮኖች ነው፤ ደግነቱ በብሎን የተገጠመ ቤት ይፈታል። ከአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ የተፈታ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2008 ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተገጣጥሞ ለእይታ ቀርቧል። እህትዎ ከመፈረሟ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ትጠይቀው፦ ጋራዡ ውስጥ ትርፍ ላሜራ አለ? ካለ፣ በውሉ ላይ ይጻፍላት።