ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ የልጆቻችን አስተርጓሚ አንሁን

ውድ ወላጆች፣

የሰመር እረፍት ሊገባ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ክፍሌ ያሉትን ልጆች "እረፍት ላይ የት ትሄዳላችሁ?" ብዬ ስጠይቃቸው ግማሾቹ በመኪና ዘመድ ጥየቃ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። አንዷ ኮሎምበስ አክስቷ ጋ፣ አንዱ ሻርሎት ለአጎቱ ሰርግ፣ ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ እስከ ዳላስ ድረስ። "እዚያ ስትደርሱ በምን ቋንቋ ልታወሩ ነው?" አልኳቸው። አንዱ ቶሎ ብሎ "እማዬ ታወራልኛለች" አለኝ።

ሁላችንም ሳቅን። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን መልሱ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ፤ ምክንያቱም እኔም ያቺ እማዬ ነበርኩ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን አትላንታ ሄድን። እናቴን ያሳደጓት አክስቷ እዚያ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ልጆቼን በአካል አይተዋቸው አያውቁም፤ የሚያውቁት በስልክ "ሰላም እማማ፣ ደህና ነኝ፣ ቻው" ሲሏቸው ብቻ ነው።

ለጉዞው አንድ ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀሁ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድፎ ዳቦው፣ ለመንገድ ቆሎውና ዳቦ ቆሎው ተሰናዳ። አትላንታ ውስጥ እንጀራ የማይሸጥ ይመስል 30 እንጀራ ጫንኩ። ለልጆቹ ያዘጋጀሁት ደግሞ ሁለት ታብሌትና ሁለት ማዳመጫ ነበር። ከ600 ማይል በላይ ስንነዳ ከኋላ ወንበር ድምፅ አልሰማንም። እውነቱን ልናገርና ተመችቶኝ ነበር።

ደረስን። እማማ በር ላይ አቅፈው ስመው ከጠገቡ በኋላ ትልቁን ልጄን "የኔ ጌታ፣ ስንተኛ ክፍል ደረስክ?" አሉት። ልጁ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። "ሦስተኛ ጨረሰ እትዬ" አልኩ እኔ። "ምን ምን ትወዳለህ?" አሉት። "ኳስ ነው የሚወደው፣ እህል ግን አይበላም" አልኩ አሁንም እኔ። ሦስቱ ቀን እንዲህ አለፈ። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ ልጁ እኔን ያያል፣ እኔ እመልሳለሁ።

በመጨረሻው ቀን እኛ ትልልቆቹ ትንሿን ይዘን ገበያ ወጣን፤ ልጄና እማማ ብቻቸውን ቤት ቀሩ። ስንመለስ እሳቸው ሶፋው ላይ፣ እሱ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድም ቃል አይነጋገሩም። ስንሰነባበት እጄን ያዝ አድርገው "ልጅሽ ጨዋ ነው፣ እግዜር ያሳድግልሽ። ግን ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ሳላውቀው ሄደ" አሉኝ። ቅሬታ አልነበረም፤ ዝም ብለው ነው የተናገሩት። እኔን ግን እስከ ቨርጂኒያ ድረስ ሲከነክነኝ መጣ።

ልጄ "ሦስተኛ ጨረስኩ" ማለት አይችልም ነበር? ይችላል! እኔው ራሴ ነኝ ያስተማርኩት። ያጣው አማርኛውን ሳይሆን ጊዜውን ነው። ሁለት ቋንቋ ይዞ የሚያድግ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን ለመሰብሰብ ትንሽ ሰከንድ ይፈልጋል። ክፍል ውስጥ ያንን ሰከንድ እጠብቃለሁ። እማማ ፊት ግን አልቻልኩም። ለምን? ይሉኝታ ያዘኝ። "የአማርኛ አስተማሪ ነኝ ትላለች፣ ልጇ ግን ይንተባተባል" እንዳልባል ፈራሁ። ስለዚህ ያስተረጎምኩት ለእሱ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ እያደረግን ይመስለኛል፤ እኔ ግን መተው አለብን ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ትምህርት ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ 2 ሰዓት ነው የምናስተምረው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አትላንታ ደርሶ መልስ በትንሹ 20 ሰዓት መንዳት ነው። ይህ የ10 ቅዳሜ ትምህርት ማለት ነው። ያውም ሁሉም ሰው ቀበቶ አስሮ በተቀመጠበት፣ ማንም ተነስቶ በማይሄድበት ክፍል! ይህን ክፍል ነው በማዳመጫ የምንዘጋው።

"ደክሞን ነው እኮ፣ ሾፌሩም ፀጥታ ይፈልጋል" የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ሠርቼ ነው መንገድ የምወጣው። 20ውን ሰዓት አስተምሩ አልልም። ታብሌቱንም ከመስኮት አትወርውሩት። ባለፈው ሰመር ድጋሚ ስንሄድ እኛ ያደረግነው ቀላል ነበር፤ ነዳጅ ከቀዳን በኋላ ያለው አንድ ሰዓት የአማርኛ ነው፣ ከዚያ በኋላ ታብሌት ይፈቀዳል። አራት ጊዜ ቆምን፣ አራት ሰዓት አገኘን።

በሰዓት ቆጠራ ጀመርን። ከቤት የወጣነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ባለቤቴ "ከቀኑ 10 ሰዓት እንደርሳለን" ሲል ልጁ ግራ ገባው። "10 ሰዓት ተነስተን 10 ሰዓት ከደረስን አልተጓዝንም ማለት ነው?" አለ። የሌሊትና የቀን 12 ሰዓት አቆጣጠራችንን እኔ በሰሌዳ ላይ ሁለት ዓመት አስተምሬው ያልገባውን፣ የመኪናዋን ሰዓት እያየ ስድስት እየቀነሰ እየደመረ ፒተርስበርግ ሳንደርስ ለመደው።

ከዚያ ወደ ሀይዌይ 85 ስንገባ እንቆቅልሽ ጀመርን። መልሱን ያላወቀ አገር መስጠት ስላለበት የመንገዱ ምልክት ላይ ያለውን ከተማ ሁሉ ሰጠን፤ ደርሃም፣ ግሪንስቦሮ፣ ሻርሎት አንድ በአንድ ሄዱ። ትንሿ ልጄ ከራሷ አፍልቃ "ሲርባት ትቆማለች፣ ስትጠግብ ትሮጣለች" አለች። አባቷ ላም መስላው ስፓርታንበርግን አስረከበ። መልሱ ነዳጅ ማደያው ጋ ስንቆም ተገለጠለት፤ ለካ መኪናችን ናት። ደቡብ ካሮላይና ጋፍኒ ላይ ያለውን ትልቅ ኮክ የሚመስል የውሃ ታንከር ሲያዩ ደግሞ "ኮክ" የሚለው ቃል ያለ ደብተር ገባላቸው።

በጣም የጠቀመን ግን የምንጠይቀውን ሰው ማጥናታችን ነው። እማማ የማን እህት ናቸው? በእናት በኩል ነው በአባት? እኛ የአክስት ልጅና የአጎት ልጅ እንላለን፤ እንግሊዝኛው ግን አንድ ላይ ስለሚጠራቸው ልጆቹ ማን የማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ለታላቅ ሰው "አንቺ" ሳይሆን "እርስዎ" መባሉንም እየተሳሳቅን ተለማመድን። በመጨረሻ እያንዳንዳቸው ለእማማ የሚያቀርቡት አንድ አንድ ጥያቄ በራሳቸው ቃል አዘጋጁ።

እኔም የቤት ሥራዬን ሠርቻለሁ። ከመሄዳችን በፊት ስልክ ደውዬ "ልጆቹ ሲሳሳቱ እንዳትስቁባቸው፣ በእንግሊዝኛም አትርዷቸው፣ ትንሽ ጠብቋቸው" ብዬ ለመንኩ። ይህን መናገር ነውር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። አንድ ልጅ በተናገረው ቃል ቤት ሙሉ ዘመድ ከሳቀበት፣ ሳቁ የፍቅር ቢሆንም እሱ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ክፍላችን ውስጥ እንዲህ ዝም ያሉ ልጆች አሉ።

ደረስን። እማማ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁት። ልጄ እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ዝምታው ረጅም መሰለኝ። ከዚያ "አራተኛ ጨረስኩ እማማ፣ እርስዎስ ደህና ነሽ?" አለ። "እርስዎ"ና "ነሽ" ተደባልቀዋል። ማንም አልሳቀም። እማማ "ደህና ነኝ የኔ ጌታ" አሉት።

ማታ ላይ ያዘጋጀውን ጥያቄ አወጣ፤ "አያቴ ትንሽ ልጅ ሆና ምን ታጠፋ ነበር?" እማማ ሳቁና የዶሮ እንቁላል ደብቃ ደሴ ገበያ ወስዳ በሸንኮራ አገዳ እንደቀየረች አወሩለት። "ከዚያስ?" አለ ልጄ። ተይዛ እንደተቀጣች ነገሩት። "ከዚያስ?" አለ አሁንም። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ይህን ታሪክ እኔ በ36 ዓመቴ የሰማሁት ያን ማታ ነው፤ እኔ ጠይቄያቸው ስለማላውቅ።

ውድ ወላጆች፣ እንዲህ ያሉ ታሪኮች በመጽሐፍ የሉም። ያሉት ከ80 ዓመት በላይ በሆናቸው ሰዎች ዘንድ ነው፤ እነሱ ደግሞ ልጆቻችን አማርኛውን አጣርተው እስኪጨርሱ አይጠብቁንም። የተሰባበረ አማርኛ ይበቃል። ቤታችሁ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛም የሚነገርበት ከሆነ፣ በዚያም ይሁን፤ ዋናው ልጁ ራሱ መናገሩ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሰመር ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። መኪና ውስጥ ከየነዳጁ በኋላ አንድ ሰዓት ስጡን። ዘመዶቻችሁን ቀድማችሁ አስጠንቅቁልን። ልጃችሁ ሲጠየቅ ደግሞ እናንተ ዝም በሉ። መስከረም ላይ ስንከፍት እያንዳንዱ ተማሪ ከጠየቀው ዘመድ የሰማውን አንድ ታሪክ ለክፍሉ ያወራል። እኛም "ከዚያስ?" እያልን እንሰማዋለን።

መልካም መንገድ።