ማሽኑ ከማን ተማረ?



ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በግቢያችን አንድ ልማድ ሥር እየሰደደ መምጣቱ ከማናችንም የተሰወረ አይደለም። የትምህርት ዕቅድ ሲያስቸግር ስልክ ይጠየቃል፤ የቤት ሥራ ሲበዛም ስልክ ይጠየቃል። ሙስሊም ጓዶቻችን ደግሞ ሐላልና ሐራሙን፣ የውርሱን ድርሻ፣ ሐዲሱን ሳይቀር ሰው ሠራሹን አስተውሎት መጠየቅ ጀምረዋል። ይህ መልካም ነው ወይስ መጥፎ? አስተያየታችንን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

«ኮምፒውተርና እስልምናን ምን አገናኛቸው?» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚመራበት የስሌት ቅደም ተከተል አልጎሪዝም ይባላል፤ ቃሉም የመጣው በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ ይሠራ ከነበረው ሊቅ ከአል ኽዋሪዝሚ ስም ነው። አልጀብራ የምንለውም ከመጽሐፉ ርዕስ የተወሰደ ሲሆን፣ የዚያ መጽሐፍ ሰፊ ክፍል ስለ ውርስና ኑዛዜ አከፋፈል የሚናገር ነው። እንግዲህ ስሌት ለሃይማኖቱ ባዕድ አይደለም ማለት ነው። ዛሬም ከፍኖተ ሰላም ሲታይ ቂብላው ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ መሆኑን ስልክ ቢነግረን ምን ነውር አለው?

ችግሩ የሚመጣው ስሌት አልቆ ፍርድ ሲጀምር ነው። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የቡሬ ገበሬ ሚስት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ቢሞት፣ ንብረቱም 24 ኩንታል በርበሬ ቢሆን፣ በሸሪዓው ድርሻ ሚስት ስምንተኛውን ማለትም 3 ኩንታል፣ ወንዱ 14፣ ሴቷ 7 ይወስዳሉ። ይህን ማሽኑ በቅጽበት ያሰላዋል። ነገር ግን ከድርሻው በፊት ዕዳና ኑዛዜ መውጣት አለበት። ጎረቤቱ ያለ ወረቀት፣ በቃል ብቻ አበድሮት ቢሆንስ? ይህን የሚያውቀው ሽማግሌ እንጂ ስልክ አይደለም። ማሽኑ የነገሩትን ይዞ ያካፍላል፤ ቃዲ ግን ምስክር ይጠራል፣ በፈረደውም ይጠየቅበታል። በእስልምና ሥራ የሚመዘነው በኒያ ነው፤ ማሽን ደግሞ ኒያ የለውም፣ ፈጣሪ ፊትም አይቆምም።

ሌላም አለ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ የተለቀቀው ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሚጽፉት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው። ስለሆነም የሌለ ሐዲስ አሳምረው፣ የዘጋቢ ስም ጨምረው ሊሰጡን ይችላሉ። የሐዲስ ሊቃውንት ለእንዲህ ያለው ነገር ከሺህ ዓመት በፊት መድኃኒት አበጅተዋል፤ ኢስናድ ይባላል። ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ? ሰንሰለቱ ከተቆረጠ ንግግሩ ደካማ ይባላል። በወሎ ደረሳው ሸኹ ፊት ተቀምጦ ኪታብ ይቀራል፤ ለማስተማርም ኢጃዛ ይቀበላል። በእኛው በጎጃምም የቅኔ ተማሪ «መምህርህ ማነው?» መባሉ አይቀርም። ማሽኑ ግን ከማን ተማረ? ኢጃዛውንስ ማን ሰጠው?

እርግጥ ነው፣ የሩቅ ገጠር ልጅ ሸኽ በቅርቡ ላያገኝ ይችላል፤ ለሱ ስልክ ትልቅ ነገር ነው። አንከለክለውም። ማሽኑ ኪታቡን ይፈልግለት፣ ገጹን ያሳየው፤ ያገኘውን ግን ለሚያውቅ ሰው ሳያቀርብ እንደ ፈትዋ አይያዘው ነው የምንለው።

ይህ ጉዳይ የሙስሊሞች ብቻ አይደለም። ነገ ገጠር ተመድበን በምንገባበት ክፍል የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አብሮ ይቀመጣል። አንዱ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይህን ከየት አገኙት?» ቢለን «ስልኩ ነው ያለው» ልንል ነው? እኛ እኮ ያለ ምስክር ወረቀት ክፍል እንድንገባ አይፈቀድልንም!

ስለዚህ ስሌቱን ለማሽን እንስጥ፤ ምንጩን ራሳችን እንመርምር፤ ፍርዱን ግን ለሚጠየቅበት ሰው እንተው።